ሰዓት ብቻውን አይፈርድም፦ የብስክሌት የፍጻሜ ሽሚያና የደጋ አየር

የዛሬው ንግግሬ በብስክሌት ውድድር የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ስለሚደረገው የፍጥነት ሽሚያ፣ በስፖርቱ ቋንቋ ስፕሪንት ስለሚባለው ነው። ጉዳዩ የሩቅ አገር ትዕይንት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እንደ ኩታበርና ደሴ ባለ ደጋ አንድን ወጣት «ፈጣን ነው» ወይም «አይሆንለትም» ብለን ስንፈርድበት፣ ከእግሩ ጋር አብረን የምንመዝነው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም አየሩ ነው። የአየሩን ድርሻ ለይተን ካላወጣን ፍርዳችን ይዛባል። ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ስለ ኃይል። ኃይል የሚለካው በዋት ሲሆን፣ ዋት በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚሠራውን የሥራ መጠን ይገልጻል። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ካውያ 1,000 ዋት ያህል ይወስዳል። ጤናማ ሰው ሳይቸኩል ብስክሌት ሲነዳ ወደ 100 ዋት ገደማ ያወጣል። ባለሙያ የሆኑ ስፕሪንተሮች ግን ለ10 ወይም ለ15 ሰከንድ ከ1,000 ዋት በላይ ያወጣሉ፤ ለአንዲት ቅጽበት ከ1,500 ዋት የሚያልፉም አሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ኃይል ወዴት ይሄዳል? ጥቂቱ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር በሚያደርገው ግጭት ይባክናል። ሌላው ፍጥነት ለመጨመር ይውላል። በሜዳማ መንገድ ላይ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ድርሻ የሚበላው አየር ነው።

የአየር ተቃውሞ እንዴት እንደሚያድግ በጥንቃቄ እንመልከት። ፍጥነታችን እጥፍ ቢሆን፣ በየሰከንዱ ፊት ለፊት የምንገጥመው አየር እጥፍ ይሆናል፤ ያንን አየር የምንገፋበት ፍጥነትም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ተቃውሞው አራት እጥፍ ያድጋል። ይህን አራት እጥፍ ተቃውሞ እያሸነፍን በየሰከንዱ የምንጓዘው ርቀት ደግሞ እጥፍ ስለሆነ፣ የሚጠየቀው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። በቁጥር እናስቀምጠው። በባሕር ጠረፍ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ጎንበስ ብሎ የሚነዳ ሰው ከነብስክሌቱ ለአየር የሚያቀርበውን ውጤታማ ስፋት 0.3 ሜትር ካሬ ብንወስድ፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ለአየሩ ብቻ 180 ዋት ይከፍላል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ግን ክፍያው 1,440 ዋት ይደርሳል።

ከዚህ የምንረዳው ጉልበት መጨመር ብቻውን ውድ መንገድ መሆኑን ነው። ኃይሉን በአሥር በመቶ የጨመረ ሰው ፍጥነቱ የሚጨምረው በሦስት በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለአየር የሚያቀርበውን ስፋት በአሥር በመቶ የቀነሰ ሰውም ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል፤ ያውም አንድ ዋት ሳይጨምር። አውስትራሊያዊው ካሌብ ኢዋን አጭር ቁመቱን ተጠቅሞ፣ ጭንቅላቱን ከፊት ጎማው በላይ ዝቅ አድርጎ በመንዳት የሚታወቀው ስለዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፏል። የቡድን ጓደኞች ስፕሪንተራቸውን ከኋላቸው ሸሽገው እስከ መጨረሻዎቹ ሜትሮች የሚያደርሱትም በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ ሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው የአየር ተቃውሞው በሲሦ ገደማ ሊቀንስለት ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በደሴ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ነው፤ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያንሳል። በዚህም የተነሣ በጠረፍ 1,440 ዋት ይጠይቅ የነበረው የ72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በደሴ ከፍታ ለአየሩ የሚጠይቀው 1,080 ዋት ብቻ ነው።

«አየሩ ሲሳሳ ትንፋሽም ያጥራል፤ ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ በሥራው ርዝመት ይወሰናል። ለ10 ሰከንድ የሚደረግ ሽሚያ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው አስቀድሞ በጡንቻ ውስጥ በተከማቸ ጉልበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሚተነፈሰው ኦክስጅን ድርሻው ትንሽ ነው። ረጅም ርቀት ግን ያለ ኦክስጅን አይዘለቅም። እ.ኤ.አ. በ1968 በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በሜክሲኮ ሲቲ የተካሄደው ኦሎምፒክ ይህን በግልጽ አሳይቷል። በዚያ ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ቦብ ቢሞን 8.90 ሜትር ዘለለ። የእኛው ማሞ ወልዴ ደግሞ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት በፊት በቶኪዮ ያሸነፈበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር። ይህን ልዩነት አይቶ ማሞን ደካማ የሚል አስተዋይ ሰው አይገኝም፤ ከፍታው በሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ሁላችንም እናውቃለን።

ብስክሌተኞችም ይህን ከተረዱት ቆይተዋል። ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳው በዚያችው በሜክሲኮ ሲቲ ነው። ቪክቶር ካምፕናርትስ እ.ኤ.አ. በ2019 ክብረ ወሰኑን ወደ 55.089 ኪሎ ሜትር ከፍ ያደረገው ከፍታዋ ከኮምቦልቻ ጋር በሚቀራረበው በሜክሲኮዋ አጓስካሊየንቴስ ነው። ይሁን እንጂ ከፍታ ሁሉን አይወስንም። ፊሊፖ ጋና እ.ኤ.አ. በ2022 በስዊዘርላንድ፣ እጅግ ዝቅ ባለ ስፍራ 56.792 ኪሎ ሜትር ነድቷል። አንድ ሰዓት ሙሉ ለሚቆይ ሥራ ስስ አየር በአንድ እጁ ይሰጣል፣ በሌላው ይወስዳል። በ10 ሰከንድ ሽሚያ ግን የሚሰጠው ከሚወስደው ይበልጣል።

እንግዲህ የፍርዱ መዛባት ከዚህ ይጀምራል። በጠረፍ በ1,440 ዋት 72 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ የጎማውን ግጭት ለጊዜው ብንተወው፣ በደሴ ከፍታ በዚያው ኃይል ወደ 79 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በእርግጥ በእውነተኛ ሽሚያ ልዩነቱ ከዚህ ያንሳል። ፍጥነት ለመጨመር የሚወጣው ጉልበት በክብደት እንጂ በአየር አይወሰንምና፤ ሽሚያውም ብዙ ጊዜ ብስክሌቱ የመጨረሻ ፍጥነቱ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። ቢሆንም ልዩነቱ አሸናፊና ተሸናፊን ለመለየት ይበቃል። እዚህ በሰዓት ብቻ ተለክቶ የተመረጠ ልጅ ወደ ቆላ ሲወርድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ አሠልጣኙም «ሰንፏል» ሊለው ይችላል። በቆላ የሠለጠነው ደግሞ በደጋ ሰዓት ሲመዘን ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። ሁለቱም ልጆች የተበደሉት በሩጫው ሳይሆን በሚዛኑ ነው።

ሁለተኛም መዛባት አለ፤ «ደገኛ ለርቀትና ለዳገት እንጂ ለፍጥነት አልተፈጠረም» የሚለው ልማድ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በሩን ከፍቷል። በስፕሪንቱ በኩል የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ቢንያም ግርማይ ልማዱን አፍርሶታል። ያደገባት አስመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 በቱሪን በጅምላ ሽሚያ አሸንፎ በቱር ደ ፍራንስ የዕለት ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሦስት ጊዜ አሸንፎ፣ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ መለያ እስከ መጨረሻው ለብሷል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ባለሙያዎች በፔዳል ላይ የሚገጠም የኃይል መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ዋጋው ግን ለብዙዎቻችን አይቀመስም። ደግነቱ አገራችን ያለ ዋጋ የሚለካ ነገር ሰጥታናለች፤ እርሱም ዳገት ነው። በዳገት ላይ ዋናው ተቃዋሚ የመሬት ስበት ነው፤ ስበት ደግሞ በደጋና በቆላ ያው ነው። ተሽከርካሪ የማይበዛበት፣ በ100 ሜትር ውስጥ 8 ሜትር ከፍ የሚል ወጥ ዳገት ምረጡ። ልጁን ከነብስክሌቱ መዝኑት፤ 90 ኪሎ ግራም ሆነ እንበል። ተንደርድሮ ገብቶ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በ12 ሰከንድ ቢጨርሰው፣ ክብደቱን በ9.81 እና በ8 ሜትር አባዝታችሁ ለ12 ስታካፍሉት 590 ዋት ያህል ታገኛላችሁ። ለአየርና ለጎማ ወደ 150 ዋት ብንጨምርበት 740 ዋት ገደማ ይሆናል። በቆላ ቢለካ የአየሩ ድርሻ የሚጨምረው ወደ 35 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ የደጋውንና የቆላውን ልጅ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። ፍጥነታችሁን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ አትፈትኑ። ቁልቁለት የሚሰጠው ፍጥነት የእግር አይደለም፤ ስለዚህ መለኪያ አይሆንም። ከዚያም በላይ ይገድላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ነው፤ ከፊት ደግሞ ጭነት መኪናና ባጃጅ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በፖላንድ ካቶቪትሰ ከተማ፣ መንገዱ ተዘግቶ በተደረገ የቁልቁለት ሽሚያ እንኳ ፋቢዮ ያኮብሰን ከሞት አፋፍ የተረፈ ከባድ አደጋ ደርሶበታል። በክፈፉ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል የመንዳት ዘዴም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ተከልክሏል።

ስለዚህ ለአሠልጣኞችና ለስፖርት መምህራን የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ በመዝገባችሁ ከልጁ ሰዓት አጠገብ ክብደቱን፣ የቦታውን ከፍታና የዳገቱን ውጤት አብራችሁ ጻፉ። አንድ ተጨማሪ ገጽ ቢፈጅባችሁ ነው። ያ ገጽ ግን አንድን ልጅ ያለ በደሉ ከመጣል ሊያድነው ይችላል።