አሮጌ መኪና ስንገዛ ፍሬኑን እንይ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ብዙ ቤተሰብ ዓይኑን የጣለው እዚሁ በቆየው አሮጌ መኪና ላይ ነው። ደላላው ቀለሙን ያሳየናል፤ ለእኛ ለጉለሌዎች ግን ዋናው ፍሬኑ ነው። ሊብሬውን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር ካመሳከርን በኋላ፣ መካኒክ ጎማውን ፈትቶ የፍሬን ሸራውን ይይልን። (የዕቃን ነውር ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው፤ ይህ ግን ገዢውን ዓይኑን አያስጨፍነውም።)

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መሄድ፣ ነዳጅ ይቆጥባል ቢባልም፣ አደገኛ ነው። ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። በሁለተኛ ማርሽ ከወረድን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝልናል። ማርሹን የምንቀንሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣም ዳር ይዘን፣ ልጆቹን አውርደን፣ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ እንቁም።