የቤንዚን ቁጥቋጦ መቁረጫ፦ የመደበኛ ጥገናና የሥራ ደኅንነት ቁርኝት

መግቢያ

በትከሻ ታንግቶ የሚሠራው የቤንዚን ቁጥቋጦ መቁረጫ በእርሻ ማሳ፣ በመንገድ ዳርና በሰፋፊ ግቢዎች የማጭድንና የገጀራን ሥራ ያቃልላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥገናው የመካኒኩ፣ ጥንቃቄው ደግሞ የሠራተኛው ድርሻ ተደርገው ለየብቻ ይታያሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ማስረዳት ነው።

ነዳጅና ቅባት

አብዛኞቹ ቁጥቋጦ መቁረጫዎች ባለሁለት ምት ሞተር አላቸው። ይህ ሞተር እንደ መኪና ሞተር የተለየ የዘይት ማጠራቀሚያ ስለሌለው ፒስተኑና ኩሽኔታዎቹ ቅባት የሚያገኙት ከቤንዚኑ ጋር ከተቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው። የድብልቁ መጠን በአምራቹ መመሪያ የሚወሰን ሲሆን፣ በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ነው፤ ይኸውም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለሁለት ምት ዘይት ማለት ነው። ዘይት ያልገባበት ቤንዚን የተሞላ ሞተር ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ በአጭር ጊዜ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ድብልቅም ካርቡራተሩን ስለሚደፍን በየጊዜው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማዘጋጀት ይበጃል። ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ሞተሩም ነዳጅ ከተሞላበት ስፍራ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ይነሣል።

ከሥራ በፊት የሚደረግ ምርመራ

በአቧራ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ የሞተሩን ኃይል ያዳክማል፤ የተቀደደ ማጣሪያ ደግሞ አቧራ አስገብቶ ሲሊንደሩን ይፍቃል። ካንዴላው ከጥቀርሻ መጽዳት፣ የምላጩ ማሰሪያም መጥበቅ አለበት። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ምላጩ መዞር የለበትም፤ የሚዞር ከሆነ የሚኒሞው ፍጥነት በዝቷል ወይም የፍሪሲዮኑ ሞላ ደክሟል። የተሰነጠቀ ምላጭ ይጣላል እንጂ አይበየድም። ምላጩ ከመነካቱ በፊት ሞተሩን ማጥፋትና የካንዴላውን ገመድ መንቀል ግዴታ ነው።

የምላጩ ምላሽ

በብዙዎቹ ማሽኖች ምላጩ ከላይ ሲታይ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። በመሆኑም ከፊት በቀኝ በኩል ያለው ጠርዝ ግንድ ወይም ድንጋይ ሲነካ ማሽኑ በድንገት ወደ ጎን ይወረወራል። በዚህ ምክንያት አጨዳው ከቀኝ ወደ ግራ መከናወን፣ ወፍራም ግንድም በግራው ጠርዝ መቆረጥ ይኖርበታል። የሚፈናጠር ጠጠር ርቆ ስለሚሄድ ሌላ ሰው በ15 ሜትር ክልል ውስጥ መገኘት የለበትም፤ ሠራተኛውም የዐይን፣ የጆሮና የእግር መከላከያ ይልበስ።

ማጠቃለያ

የደነዘ ምላጭ ጉልበት ስለሚጠይቅ ሠራተኛው እንዲገፋው ያስገድዳል፤ ግፊቱም መወርወሩን ያብሳል። የበዛ ሚኒሞ ሥራውን አቆምሁ ባለ ሰው እግር ሥር ምላጩን ያሽከረክራል። በጥገና ጉድለት የተጀመረው በአካል ጉዳት ይፈጸማል ማለት ነው። ስለዚህ የማሽኑ የመጀመሪያ መርማሪ ራሱ አንጋቹ ሊሆን ይገባል።