ስቅለት በመካነ ኢየሱስ፦ የሉተራን አምልኮ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ለሉተራን ክርስቲያኖች ከዓመቱ በዓላት ሁሉ ከባዱ ቀን ስቅለት፣ ማለትም ከፋሲካ በፊት ያለው ዓርብ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይህን የአምልኮ ወግ ይዛ የምትገኘው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት፤ በ1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ደረጃ የተመሠረተችና እ.ኤ.አ. በ1963 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንን የተቀላቀለች ስትሆን፣ በየአካባቢው የሚሰበሰበውን ጉባኤ «ማኅበረ ምእመናን» ብላ ትጠራዋለች።

የቀኑ አምልኮ ለምን ቀለል ብሎ እንደ ተሠራ ለመረዳት ወደ ማርቲን ሉተር መመለስ ያስፈልጋል። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1526 ባሳተመው የጀርመንኛ ቅዳሴ ዐቢይ ጾምና ሰሙነ ሕማማት እንዲጠበቁ የፈቀደው ማንንም ለጾም ለማስገደድ ብሎ ሳይሆን የጌታ መከራ ታሪክ ከምእመኑ ጆሮ እንዳይጠፋ አስቦ ነው፤ ሥዕሎችን በጨርቅ መሸፈንንና በስቅለት ዕለት ስምንት ሰዓት ሙሉ መስበክን ግን ሊቀሩ ከሚገባቸው ልማዶች ጋር ቆጥሯቸዋል። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ክርስቶስ መከራ በጻፈው ስብከት ደግሞ ይሁዳን በመርገምና በአይሁድ ላይ በመቆጣት፣ ወይም አንጀታቸው ስለ ተላወሰ ብቻ ቀኑን ያከበሩ የሚመስላቸውን ሰዎች ገሥጿል። በእርሱ ትምህርት አማኝ አስቀድሞ በመስቀሉ ላይ የገዛ ኃጢአቱን ክብደት አይቶ ይደነግጣል፤ ቀጥሎም ያ ኃጢአት በክርስቶስ ላይ እንደ ተጫነ አምኖ የእግዚአብሔርን የፍቅር ልብ ያያል። የስቅለት ስብከት የሚመዘነውም በዚህ ነው፤ ሰሚውን አስለቅሶ ብቻ የሚያሰናብት ስብከት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሥራውን አልጨረሰም።

የአምልኮው እምብርት ንባብ ነው። በሉተራን ልማድ መሠዊያው ጨርቁና አበባው ተነሥቶለት ባዶውን ይቆያል፣ ሻማም ከነአካቴው አይበራም ወይም በንባቡ መካከል አንድ በአንድ እየጠፋ ይሄዳል። ስለ መከራ ተቀባዩ አገልጋይ ከሚናገረው ከትንቢተ ኢሳይያስ 53ኛ ምዕራፍና ከመዝሙር 22 በኋላ የዮሐንስ ወንጌል 18ኛና 19ኛ ምዕራፎች፣ በድምሩ 82 ቁጥሮች፣ ይነበባሉ። ንባቡን ማከፋፈል የቆየ ልማድ ነው፤ አንዱ የተራኪውን፣ ሌላው የጲላጦስን፣ ሌላው የጴጥሮስን ቃል ሲያነብ ጉባኤው የሕዝቡን ጩኸት ስለሚይዝ፣ ኢየሱስ እንዲሰቀል የሚጠይቀው ድምፅ የሚወጣው ለማምለክ ከመጣው ምእመን አፍ ነው። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1519 የጻፈውን ከዚህ የበለጠ የሚያስጨብጥ ማብራሪያ ማግኘት ያስቸግራል። የጌታ ሞት በሚነገርበት በ19ኛው ምዕራፍ 30ኛ ቁጥር ላይ አንባቢው ያቆማል፣ ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል ወይም ይንበረከካል፣ ከዚያም ንባቡ እስከ ቀብሩ ይቀጥላል።

በዮሐንስ ንባብ ፋንታ ወይም ከእርሱ ጋር ሰባቱ የመስቀል ላይ ንግግሮች ሊሰበኩ ይችላሉ፤ እነዚህም ሦስቱ ከሉቃስ፣ ሦስቱ ከዮሐንስ፣ አንዱ ከማቴዎስና ከማርቆስ የተሰባሰቡ የኢየሱስ የመጨረሻ ቃላት ናቸው። የቀኑ ምልጃ ደግሞ ከጥንት ቤተ ክርስቲያን የተወረሰ ረጅም ጸሎት ሲሆን፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገዢዎች፣ ለታመሙ፣ ለተራቡ፣ ለታሰሩና ለመንገደኞች በየተራ ይደረጋል። የጌታን እራት በተመለከተ ሉተራውያን አንድ ልማድ የላቸውም፤ ከፊሎቹ በስቅለት ይቆርባሉ፣ ከፊሎቹ ከሐሙስ ማታ በኋላ እስከ ትንሣኤ ይቆያሉ።

አምልኮው እንዲህ በንባብ ላይ ከቆመ የሚነበብበት ቋንቋ ትልቅ ጉዳይ ነው። ቡራዩ ከወለጋ በአምቦ መንገድ ለሚመጣ ሰው የአዲስ አበባ ደጃፍ ናት፤ ወለጋም አፋን ኦሮሞ የሚነገርበትና መካነ ኢየሱስ ሥር የሰደደችበት ምድር ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እየታገዘ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ለኅትመት ያበቃው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ዛሬ ቋንቋው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ይጻፋል። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ድካም ባይኖር ኖሮ ያን ሁሉ ንባብ በእናቱ ቋንቋ መስማት የሚችለው የኦሮሞ ምእመን ብዙ ዘመን በጠበቀ ነበር።

መካነ ኢየሱስ ቀኑን የምታከብረው ከጀርመንና ከስዊድን ሉተራውያን ጋር ሳይሆን በባሕረ ሐሳብ ቀመር መሠረት ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቿ ጋር ነው። በ2016 ዓ.ም. የጀርመኖቹ ስቅለት መጋቢት 20 ሲውል የኢትዮጵያው ሚያዝያ 25 ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ሁለቱም ሚያዝያ 10 ላይ ተገናኝተዋል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች በአንዱ ሰፈር ግብረ ሕማማት ተነብቦ በሚሰገድበት ዕለት በሌላው ቅጥር ውስጥ የዮሐንስ ወንጌል ይነበባል። የሁለቱ ወጎች ትውውቅ ከሉተራን ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ይቀድማል፤ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እ.ኤ.አ. በ1534 ወደ ሉተር ከተማ ወደ ዊተንበርግ ተጉዞ ከሉተርና ከሥራ ባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተወያይቷል፤ በጁላይ 4 ቀን በተሰጠው የድጋፍ ደብዳቤም የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በአንዳንድ ነገር ቢለይም ልዩነቱ የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ ተመስክሮለታል።