በእግር የሚቀዘፍ ጀልባ

ጣና ላይ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ሁልጊዜ እጅ ያጥረዋል። ከደንገል የታሰረችው ታንኳ ቀላል ናት፤ ግን ካልቀዘፏት አትሄድም። መረብ ሲሳብ መቅዘፊያው ይቀመጣል፣ መቅዘፊያው ሲቀመጥ ደግሞ ነፋሱ ታንኳይቱን ወዳሻው ያዞራታል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ቅዳሜ ጠዋት የሚታየው፣ ወንበር የተገጠመለትና በፔዳል የሚነዳው የዓሣ ካያክ የተሠራው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነው። የቅዘፋውን ሥራ ለእግር ሰጥቶ ሁለቱንም እጅ ለዘንጉና ለመንጠቆው ይተዋል።

ሎስ አንጀለስ ዙሪያ፣ ፓሳዴናና ፌርፋክስ አካባቢ ካሉ ወዳጆቼ የምሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ የትኛውን ልግዛ? ምርጫው ከመመለሻው ቢጀመር ይሻላል እላለሁ። ነፋስ ቢነሳ ይህ ጀልባ ይመልሰኛል ወይ? ብገለበጥ መልሼ እወጣበታለሁ ወይ? ደክሞኝ ዳር ስደርስ ብቻዬን ከውሃ አወጣዋለሁ ወይ? እነዚህን የመለሰ ሰው ግማሹን ሱቅ ሳያየው አልፎታል።

በዚህ ባህር በትንሽ ጀልባ ማጥመድ የቆየ ሥራ ነው። የሎስ አንጀለስ አገር ነባር ባለቤቶች ቶንግቫዎችና በስተሰሜን ያሉት ቹማሾች ሳንቃ ከሳንቃ እየሰፉ ጀልባ ይሠሩ ነበር። ስፌቱን የሚደፍኑት ከመሬት በሚፈልቅ ሬንጅ ነው። ያ ሬንጅ ከፌርፋክስ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ዊልሸር ጎዳና ዳር ባለው ላ ብሬያ ዛሬም ሲንተከተክ ይታያል። ምሳ ከበሉ በኋላ በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል፤ እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ እወስዳለሁ።

የፔዳል ካያክን ገበያ የከፈተው ሆቢ የተባለው የደቡብ ካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው። መሥራቹ ሆቢ አልተር እ.ኤ.አ. በ1933 የተወለደው ከፓሳዴና በስተምሥራቅ፣ ከባህር ርቃ በምትገኘው በኦንታሪዮ ከተማ ነው። በ1954 ዳና ፖይንት ላይ የሰርፍ ሰሌዳ ሱቅ ከፈተ፤ በኋላም መንታ አካል ያላቸው ቀላል የሸራ ጀልባዎቹ ስሙን በዓለም አስጠሩት። ሚራጅ ድራይቭ የተባለውን የእግር መንጃ ኩባንያው ያወጣው በ1997 ነው፤ ፈጣሪው ግሬግ ኬተርማን ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከካያኩ ሆድ በታች ሁለት ተጣጣፊ ክንፎች ይንጠለጠላሉ። ተቀማጩ አንዱን ፔዳል ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደ እሱ ይመለሳል፤ እግሩ ይገፋል እንጂ አይዞርም። በዚህ ጊዜ ክንፎቹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ውሃውን ይጠርጋሉ። ክንፉ ተጣጣፊ ስለሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ሲጠርግ ጠመም ብሎ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፔንግዊን በውሃ ውስጥ የምትበርበትም ዘዴ ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ወደ ኋላ አይሄዱም ነበር። በኋላ የመጡት፣ ስማቸው ላይ 180 የሚል ቁጥር ያለባቸው፣ ገመድ ሲሳብ ክንፎቹ ዞረው ወደ ኋላም ይነዳሉ።

ሁለተኛው ዓይነት በፕሮፔለር የሚሄደው ነው። ኔቲቭ ዋተርክራፍትና የሜይኑ ኦልድ ታውን የታወቁበት ነው። እዚህ እግር እንደ ብስክሌት ይዞራል። ጥርሳም ማርሾች ዙሩን ስለሚያባዙት አንድ ጊዜ ሲረገጥ ፕሮፔለሩ አሥር ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ወደ ኋላ ለመሄድ ወደ ኋላ መርገጥ ብቻ ነው፤ ገመድም ማንሻም አያስፈልግም። ዓሣ ይዞ ወደ ድንጋይ ሲጎትት ወይም ነፋስ ከቦታ ሲያንሸራትት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

የትኛው ይሻላል የሚለውን እዚህ አገር የሚወስነው በአብዛኛው ኬልፕ ነው። ኬልፕ ከድንጋያማው የባህር ወለል ተነስቶ 30 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚያድግ፣ ላይ ሲደርስ በውሃው ገጽ ላይ የሚነጠፍ ግዙፍ የባህር አረም ነው። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ካሊኮ ባስ የተባለው ዓሣ የሚኖረው እሱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አጥማጁ ሄዶ ሄዶ የሚደርሰው ኬልፕ ዳር ነው። ፕሮፔለር ኬልፕን ይጠመጥማል። ያኔ መንጃውን ወደ ላይ ማንሳት፣ በእጅ መፍታት፣ መልሶ ማውረድ ይመጣል፤ በዚህ መሐል ማዕበሉ ጀልባውን ወደ ጥቅጥቁ ይገፋዋል። ክንፎቹ ግን አንዱ ፔዳል እስከ መጨረሻው ሲገፋ ከካያኩ ሆድ ጋር ተለጥፈው ይተኛሉ፤ ኬልፑም ከሥር ይንሸራተታል። አዳዲሶቹ ከድንጋይ ጋር ሲጋጩ ራሳቸው ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። በኬልፕ ውስጥ ለሚያጠምድ ክንፉን እመርጣለሁ። አሸዋማ ወለል ላይ ሃሊበት የተባለውን ዓሣ ለሚፈልግ ወይም ከወደብ ለማይወጣ ሰው ፕሮፔለሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ቆሞ ለመጠበቅ ይቀላል።

ጉልበት የሚያመው ሰው ግን ከኬልፑ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሞክር። የሚዞረው ፔዳል ጉልበትን ከፍ ያስደርጋል፤ የሚገፋው እግርን ዝቅ አድርጎ ያዘረጋል። ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ መርገጥ ምንም አይናገርም፤ ለአንድ ጠዋት ተከራይቶ መሞከር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ አካሉና ክብደቱ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሆቢ ፕሮ አንግለር 14 ወርዱ 97 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ቆሞ መወርወር ይቻላል፣ 600 ፓውንድ ድረስ ይሸከማል። ነገር ግን ሙሉ ዕቃው ሲገጠምለት ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ኮምፓስ የተባለው ቀለል ያለው 3.66 ሜትር ርዝመትና 86 ሴንቲሜትር ወርድ አለው፤ እንደታጠቀ 40 ኪሎ ገደማ ነው። ሬቮሉሽን 13 ደግሞ ወርዱ 72 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ቆሞ ለመወርወር የሚመች አይደለም። ሰፊ ጀልባ ይረጋጋል፣ ይዘገያልም፤ ጠባቡ ይሮጣል፣ ይወዛወዛልም። በሁሉም ዓይነት አንድ ሰው ሳይደክም የሚዘልቅበት ፍጥነት በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከባዱን ጀልባ የሚገዛ ሰው ትሬለርና የሚያሳድርበት ግቢ ሊኖረው ይገባል። አፓርታማ ለሚኖርና መኪናው ጣሪያ ላይ ለሚጭን ሰው 40 ኪሎ ራሱ ብዙ ነው።

ፓሳዴና ከባህር የራቀች ብትመስልም ለዚህ ሥራ መንገዷ ቀና ነው። የ110 አውራ ጎዳና አንዱ ጫፍ ፓሳዴና፣ ሌላው ጫፍ ሳን ፔድሮ ነው። እዚያ ካብሪዮ ቢች ከወደቡ የድንጋይ ግድግዳ በስተጀርባ ያለው ውስጠኛው ዳር ማዕበል አይመታውም። በሬዶንዶ ቢች ኪንግ ሃርበር፣ በማሪና ዴል ሬይ ደግሞ ማዘርስ ቢች አለ፤ ከፌርፋክስ የሚነሳ ሰው የ10ን መንገድ ይዞ ቶሎ ይደርሳል። ለጀማሪ የምመክረው እነዚህን ነው። ማሊቡ ላይ በሚሰበር ማዕበል መሐል መግባት ሌላ ትምህርት ይጠይቃል። ክንፉ መነሳት አለበት፣ ዕቃው ሁሉ መታሰር አለበት፤ ከሁሉም በላይ ሰው በጀልባውና በዳርቻው መሐል ፈጽሞ መቆም የለበትም። በውሃ የተገፋ 50 ኪሎ ፕላስቲክ እግር ይሰብራል።

ነፋሱ ሁለት ዓይነት ነው። ከሰዓት በኋላ ከባህር ወደ መሬት የሚነሳው የዘወትር ነፋስ አድካሚ ቢሆንም ወደ ዳር ይገፋል። በመፀውና በክረምታቸው ከበረሃው በተራሮቹ በር የሚወርደው ሳንታ አና ግን ሰውን ወደ ባህር ይወስዳል። ፓሳዴናዎች ይህን ነፋስ ያውቁታል፤ በጃንዋሪ 2025 አልታዴናን ያቃጠለውን የኢተን እሳት የነዳው የዚሁ ወገን ነው። አታላይነቱ ዳር ቆሞ ለሚያየው ባህሩ ጠፍጣፋ መስሎ መታየቱ ነው። ከመሬት ስለሚነሳ ማዕበል የሚሠራው ራቅ ብሎ ነው። ትንበያው ከ10 ኖት በላይ ነፋስ ከተናገረ ጀማሪ ቤቱ ይዋል። ሳንታ አና ከተባለ ማንም ይዋል።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። በክረምት 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይወርዳል፣ በበጋም ከ20 ብዙ አያልፍም። ድንገት የገባበት ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። ልብስ የሚለበሰው ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው፤ ዌትሱት በፀሐይ ቀን ቢሞቅም ይለበስ። የሕይወት አድን ጃኬት ደግሞ ከወንበር ጀርባ ታስሮ አይጠቅምም፤ ሰውነት ላይ ነው ቦታው።

አብዛኞቻችን ያደግነው ባህር በሌለበት ደጋ ነው፤ ዋና ሳይማር ያረጀ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። ይህን በቀጥታ መናገር እፈልጋለሁ፦ ካያኩ ከመገዛቱ በፊት ዋና ይማሩ። ፓሳዴና ሮዝ ቦውል አጠገብ ያለው የመዋኛ ማዕከል ለአዋቂ ጀማሪም ያስተምራል። ከዚያ ሳን ዲማስ ወዳለው ፑዲንግስቶን ሐይቅ ካያኩን ወስዶ ሆን ብሎ መገልበጥ ነው። የተገለበጠው መጀመሪያ ይቃናል፤ በሆዱ ላይ እጅን አሻግሮ የማዶውን ጠርዝ ይዞ ወደ ራስ መሳብ ይበቃል። ከዚያ እግርን ከኋላ እያርገበገቡ በደረት መውጣት፣ ዞሮ መቀመጥ። ሰፊውና ከፍ ያለው ጀልባ ለመገልበጥ ይከብዳል፤ አንዴ ከተገለበጠ ግን ለማቃናትም ይከብዳል። በሐይቁ ውስጥ ብቻውን መልሶ መውጣት ያቃተው ሰው ያንን ጀልባ አይግዛ፤ ለእኔ ይህ ከዋጋውም ከስሙም በላይ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው የካሊፎርኒያ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለደቡቡ ባህር ደግሞ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይገዛል። ከሕዝብ ፒር ላይ ሲጠመድ የተፈቀደው ነፃነት ለካያክ አይሠራም። በጉልበት ብቻ የሚሄድ ካያክ አይመዘገብም፣ ኤሌክትሪክ ሞተር ከተገጠመለት ግን መመዝገብ አለበት። ለያንዳንዱ ሰው ጃኬት፣ አንድ ፊሽካ፣ ከመሸ መብራት ግዴታ ነው። ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ በደቡብ ካሊፎርኒያ የተከለሉ የባህር ቦታዎች አሉ፤ በፓሎስ ቬርዴስ ፖይንት ቪሴንቴ ምንም ማጥመድ አይቻልም። ሃሊበት ከ56 ሴንቲሜትር፣ ካሊኮ ከ36 ሴንቲሜትር ካነሰ ይመለሳል።

በጾም ዓሣ ለሚበላ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መግቢያ ድረስ ቶራንስ የነበረ ፋብሪካ ዲዲቲን በከተማው ፍሳሽ ወደ ፓሎስ ቬርዴስ ባህር ለቋል፤ ዛሬም ወለሉ ላይ አለ። ስለዚህ ከሳንታ ሞኒካ ፒር እስከ ሲል ቢች ፒር ባለው ውሃ የተያዘ ዋይት ክሮከር፣ ባራኩዳና ባርድ ሳንድ ባስ እንዳይበላ ግዛቱ ያስጠነቅቃል። ክሮከር በቀላሉ የሚያዝ ዓሣ ስለሆነ ጀማሪው መልኩን አስቀድሞ ይወቅ።

አዲሱ ከ2,000 ዶላር አካባቢ ተነስቶ ከ5,000 ያልፋል። ያገለገለ መግዛት ብልህነት ነው፤ ብዙ ሰው ጥቂት ጊዜ ወጥቶበት ይሸጠዋልና። ሲገዙ መጀመሪያ መንጃው የሚገባበትን ቀዳዳ ጠርዝ በጣት ይዳስሱ፤ ፕላስቲኩ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። መንጃውን አውጥተው በእጅ ያንቀሳቅሱት፤ ጨው የበላው ኬብልና ሰንሰለት ይንቋረራል። ከዚያ ባለቤቱን ውሃ ላይ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፣ ግማሽ ሰዓት ይንዱት፣ ሲወጡ የውሃ ማፍሰሻውን ቡሽ ይክፈቱ። ከውስጡ ጥቂት ጠብታ ቢወርድ ምንም አይደለም። ሊትር ከወረደ አመስግነው ይሂዱ።