መገጣጠም ወይስ ያለውን ማሻሻል?

ክላርክስተንም ሆነ ሌላው የአትላንታ ዙሪያ፣ በየሐበሻው ቤት የሚነሳ ክርክር አለ። ልጅ «አባዬ፣ ኮምፒውተሬን ራሴ ልገጣጥመው» ይላል። በትርፍ ሰዓት ሥራ የደከመው አባት ደግሞ «ያለው ምን ሆነና?» ሲል ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የቆዩ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም፤ የኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ መሆን አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን እዩ። ፕሮሰሰሩ ካለፈና ሥራው የትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ፣ ራም ጨምሩለት፤ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩት። ይበቃል።

ልጁ የሚፈልገው ከባድ ጌም ወይም ቪዲዮ ማቀናበር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተገጣጥሞ የተሸጠ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ አነስተኛ ነው፤ የአንዳንዱ ማዘርቦርድም ከሌላ ሳጥን ጋር አይገጥምም። እዚያ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ይልቅ ደሉዝ ወይም ማሪዬታ ያለው ማይክሮ ሴንተር አብራችሁ ሂዱና ዕቃውን በዓይናችሁ እያያችሁ ምረጡ። ዲዲአር4 ራም ለዲዲአር5 በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ እንደማይገባም አትርሱ።

ኋላ ለአገር ቤት ዘመድ ልትልኩት ካሰባችሁ ደግሞ፣ እዚህ መብራቱ 120 ቮልት፣ እዚያ 220 ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ «100–240» የሚል መኖሩን አረጋግጡ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ገንዘቡ ካለ ልጁ ይገጣጥም። አንዴ በእጁ የሠራውን፣ ሲበላሽም ራሱ ይጠግነዋል።