ብሌድ፦ ሞተር የተከለከለበት ሐይቅ

በሰሜን ምዕራብ ስሎቬንያ፣ በጁሊያን አልፕስ ተራሮች ግርጌ ያለችው ብሌድ ሐምሌና ነሐሴ በእንግዳ ትጨናነቃለች። ሐይቋ ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍ፣ ዙሪያውም ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያላት ደሴት፣ ከገደሉ አፋፍ ደግሞ ጥንታዊ ግንብ ይታያል።

የብሌድን የበጋ እንግድነት መልክ ያስያዘው ስዊዘርላንዳዊው አርኖልድ ሪክሊ ነው። ሐኪም አልነበረም፤ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1855 የሕክምና ማዕከል ከፍቶ በፀሐይ፣ በአየር፣ በውሃና በባዶ እግር ጉዞ ማከም ጀመረ። በ1870 የባቡር ሐዲዱ አጠገቧ ካለችው ሌስትሴ ሲደርስ እንግዳው በረከተ።

የዛሬው እንግዳም ከሪክሊ ትእዛዝ ብዙ አልራቀም፤ ይዋኛል፣ ይቀዝፋል፣ ይራመዳል። በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ክልክል ነው፤ በእኔ ግምት ከግንቡም ከደሴቷም በላይ የብሌድን ውበት ያቆየላት ይህ ክልከላ ነው። ሰው ወደ ደሴቷ የሚሻገረው ፕሌትና በሚባለው ባለ ሸራ ጣሪያ የእንጨት ጀልባ ሲሆን፣ ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በሁለት መቅዘፊያ ይነዳዋል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው። ከጀልባው ሲወርዱ 99 ደረጃ ይጠብቃል። በልማዱ ሙሽራው ሙሽሪትን ተሸክሞ ይወጣዋል፣ እሷ ደግሞ እስከ ላይ ቃል አትተነፍስም፤ የሚያለከልከው እሱ ሆኖ ዝምታው ከእሷ መጠየቁ ይገርማል።

የዓለም የቀዘፋ ሻምፒዮና እዚህ አራት ጊዜ ተካሂዷል፤ የመጨረሻው በ2011 ነው። መራመድ ለሚሻ ደግሞ ቪንትጋር ሸለቆ አለ፤ ከ1893 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት የሆነ፣ በገደል ጥግ በተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ የሚኬድበት። አዲስ አበባ መንገድ የሰየመችለት የዩጎዝላቪያው መሪ ማርሻል ቲቶም እዚሁ ብሌድ ሐይቅ ዳር ይከርም ነበር፤ ቪላው አሁን ሆቴል ነው።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ ዝናው ሁሉ የአንድ ኬክ ነው። ክሬምና ሬዚና ይሉታል፤ ከላይና ከታች ስስ ቅጠልማ ሊጥ፣ መሐሉ የቫኒላ ክሬምና የተመታ የወተት ክሬም፣ ስፋቱ ሰባት በሰባት ሴንቲ ሜትር። በ1953 በፓርክ ሆቴል መልክ ያስያዘው ኬክ ጋጋሪው ኢሽትቫን ሉካቼቪች ነው። መቅመሱ ደግ ነው፤ ለምሳ ግን ትራውት ዓሣ በነጭ ሽንኩርት ይሻላል። የተራራው ሰው እውነተኛ ምግብ ዥጋንጺ ነው፤ ከባክዊት ዱቄት የሚገነፋ፣ የገንፎ ዘመድ፣ በእርጎ ወይም በአሳማ ስብ ጥብስ የሚበላ። ሽትሩክሊ የሚባለው ጥቅል ሊጥ ደግሞ በአይብ ወይም በዋልነት ይሞላል።

ግርግሩ የሰለቸው ሰው በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዞ ቦሂን ይደርሳል። ሐይቁ ከብሌድ ይሰፋል፣ የትሪግላቭ ብሔራዊ ፓርክም አካል ነው። የአካባቢው እረኞች ሞሃንት የሚባል ለስላሳ አይብ ይሠራሉ፤ ሽታው ግን ለጀማሪ የሚመች አይደለም።