ቅጂውን የሚያስነሳው ስክሪፕት

የገደብ ወረዳ ገበሬ እሸት ቡናውን ለማጠቢያ ጣቢያ አስረክቦ ክፍያው በባንክ ሲገባለት፣ ሒሳቡ የሚመዘገበው ገደብ ባለው ቅርንጫፍ ውስጥ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ባለ ዳታ ሴንተር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ ሩቅ አይደለችም። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ መዲናዋ ተሰምቷል። መረጃን ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር ላይ በየቅጽበቱ ማባዛት (ሪፕሊኬሽን) የሚያስፈልገው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው።

በሊኑክስ ላይ ይህን ከሚሠሩት አንዱ ዲአርቢዲ ነው። ፊሊፕ ራይስነር ቪየና ውስጥ የጀመረው ሲሆን በ2010 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ከርነል አካል ሆኗል። ዲስክ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ በኔትወርክ ለሁለተኛው ማሽን ይልካል። ዋናው ማሽን የሁለተኛውን «ደርሶኛል» እየጠበቀ ከሠራ የጸደቀ ክፍያ አይጠፋም፤ ርቀቱ ግን ያዘገየዋል። ቅጂው ዲላ ቢቀመጥ፣ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ብርሃን በፋይበር ደርሶ ለመመለስ ብቻ 4 ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል።

ቅጂው ዋናው እስካለ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። አደጋ ሲደርስ ዲስኩን ከፍቶ ማውንት ማድረግ (ከፎልደር ጋር ማያያዝ) እና ዳታቤዙን ማስነሣት የግድ ነው። ይህን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ባለሙያ ትእዛዝ በትእዛዝ ሊጽፈው አይገባም፤ ቀድሞ የተፈተነ ስክሪፕት ይሥራው።

ጥሩ ስክሪፕት ተጠራጣሪ ነው። ዋናው ማሽን ሞቷል ወይስ የተቆረጠው መስመሩ ብቻ ነው? መስመሩ ብቻ ከሆነና ሁለቱም ወገን ከተከፈተ፣ የአንዱ ገበሬ ገቢ እዚህ፣ የሌላው ወጪ እዚያ ይጻፋል፤ ሁለቱን መዝገቦች ማስታረቅ የሳምንታት ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቀድሞው ማሽን ኃይሉ መቋረጡን ሳያረጋግጥ ንቅንቅ አይልም። ቀጥሎ ዲስኩን በማይለዋወጥ መለያው ይፈልጋል፤ እንደ «ኤስዲቢ» ያለው ስም ማሽኑ ዳግም ሲነሣ ሊቀየር ይችላልና። ማውንት ካደረገም በኋላ በ«ማውንትፖይንት» ትእዛዝ ይፈትሻል። ማውንቱ ሳይሳካ ይህች አንድ መስመር ከተዘለለች፣ ፕሮግራሙ ባዶ ፎልደር አግኝቶ እዚያው አዲስ መዝገብ ሊጀምር ይችላል፤ ማንም ሳያውቅ።

ሪፕሊኬሽን ግን ባክአፕን አይተካም። አንድ ሠራተኛ በስህተት ሰንጠረዥ ቢያጠፋ፣ ጥፋቱም ወዲያውኑ ይባዛል። ያን ጊዜ የሚያድነው ቀደም ብሎ የተወሰደ ስናፕሾት (የዲስኩ የአንድ ቅጽበት ምስል) ወይም ባክአፕ ነው። ስክሪፕቱም የሚፈተነው በስናፕሾት ነው፦ ለብቻው ባለ ማሽን ላይ ተከፍቶ፣ ዳታቤዙ ተነሥቶ፣ የመጨረሻው ክፍያ ስንት ሰዓት ላይ እንደተመዘገበ ከዋናው ጋር ይመሳከራል።